አረንጓዴው መንገድና የነባሮቹ ቤት፦ የአትላንታ ቤልትላይን የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ከተማ ውስጥ መናፈሻ፣ የእግር መንገድ ወይም የጎርፍ ኩሬ ሊሠራ ነው ሲባል የሚቃወም ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዛፍ ጥላ ነው፤ ኩሬ ምድር ቤት ያሉትን ክፍሎች ከጎርፍ ያድናል፤ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ያገኛሉ። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲያምር ነው። ያማረ ሰፈር ዋጋው ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ ደግሞ፣ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት መናፈሻ ሲጠይቅ የኖረው ሰው መናፈሻው በደረሰ ማግስት ሰፈሩን ለቆ ይሄዳል።

ይህ በአሜሪካ ከተሞች፣ በተለይ በጥቁሮችና በላቲኖዎች ሰፈሮች፣ ደጋግሞ ታይቷል። ከነዚህ ሁሉ የአትላንታውን ቤልትላይን፣ በተጣሉ የባቡር ሐዲዶች ላይ ከተማዋን የሚዞረውን የመናፈሻና የእግር መንገድ ፕሮጀክት፣ የመረጥኩት አንድ የተለየ ነገር ስላለው ነው። እዚያ መፈናቀል እንደሚመጣ ቀድሞ ታስቦበት ነበር። ምን ያህል ቤት እንደሚሠራ በቁጥር ቃል ተገብቶ፣ በከተማው ምክር ቤት ጸድቆ ነበር። ቃሉ እያለ ሰው ለምን ተፈናቀለ የሚለው ጥያቄ ቃል ካልተገባበት ከተማ ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

በጽሑፉ ውስጥ የሰው ስም አልጠቅስም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

አትላንታ የባቡር ሐዲድ የፈጠራት ከተማ ናት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በመሀል ከተማዋ ዙሪያ የዕቃ ባቡር መስመሮች ተዘረጉ፤ በመስመሮቹ ዳር መጋዘንና ፋብሪካ በቀለ። ሐዲዱ በብዙ ቦታ የጥቁሮችንና የነጮችን ሰፈር የሚለይ ድንበርም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አብዛኛው መስመር ሥራ ፈትቶ አረም ለብሶ ቀረ።

በ1999 አንድ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉ እነዚህን የተጣሉ ሐዲዶች አገናኝቶ ከተማዋን የሚዞር የቀላል ባቡር መስመር የመሥራት ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ከመደርደሪያ ወርዶ በየሰፈሩ ስብሰባ ተወራ፤ ሰዉም ወደደው። ቤልትላይን የተባለው ይህ መስመር የሚያገናኛቸው ሰፈሮች 45 ሲሆኑ ቀለበቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ2005 ሲጸድቅ ዕቅዱ ባቡሩን፣ ከ500 ሄክታር በላይ አዲስ መናፈሻ፣ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግርና የብስክሌት መንገድ እና በ2030 የሚጠናቀቁ 5,600 አቅምን ያገናዘቡ ቤቶችን ያካተተ ነበር።

የገንዘቡ አመጣጥ መታወቅ አለበት፤ የኋላው ጣጣ በሙሉ ከዚህ ይመዘዛል። በመስመሩ ዙሪያ ያለው መሬት በአንድ የግብር ክልል ውስጥ እንዲካተት ተደረገ። በዚያ ክልል ከ2005 በፊት ይሰበሰብ የነበረው የንብረት ግብር እንደ ቀድሞው ለከተማው፣ ለካውንቲው (ከከተማው በላይ ላለው የአካባቢ አስተዳደር) እና ለትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ከዚያ በላይ ለ25 ዓመት የሚጨምረው ግብር ግን ለፕሮጀክቱ ይገባል፤ በዚያ ተስፋም ቦንድ ይሸጣል። ከቦንዱ ገቢ 15 በመቶው ለመኖሪያ ቤት እንዲውል ተወሰነ። እንግዲህ ፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚያገኘው የመሬት ዋጋ ሲወጣ ብቻ ነው። ነባሩን ነዋሪ የሚያስወጣው የዋጋ ንረት ለመናፈሻውም፣ ለነባሩ ነዋሪ ለታሰበው ቤትም የገቢ ምንጭ ሆነ።

መስመሩ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ የሚያልፍባቸው ሰፈሮች ነጮች የሚበዙባቸውና ገቢያቸው የተሻለ ነው። በደቡብና በምዕራብ ያሉት ጥቁር ሠራተኛ ቤተሰቦች የኖሩባቸው፣ ለአሥርት ዓመታት ባንክ ብድር የነፈጋቸውና አውራ ጎዳና የሰነጠቃቸው ሰፈሮች ናቸው። በአትላንታ የጥቁሮች ድርሻ በ2000 ቆጠራ 61 በመቶ ነበር፤ በ2010 ወደ 54፣ በ2020 ወደ 47 በመቶ ወረደ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ፕሮጀክት ነው ማለት አይቻልም። ፕሮጀክቱ የገባው ግን በዚህ ጅረት ውስጥ ነው።

ዋጋው ከዛፉ ቀደመ

ብዙ ሰው የቤት ዋጋ የሚወጣው መናፈሻው ተመርቆ ሰው ሲጎርፍበት ይመስለዋል። በአትላንታ የሆነው ሌላ ነው። ከ2000 እስከ 2006 የተካሄዱ የቤት ሽያጮችን የመረመረና በ2009 የታተመ ጥናት፣ በተለይ በደቡብ በኩል ገቢያቸው ዝቅ ባለ ሰፈሮች፣ ለመስመሩ ቅርብ የሆኑ ቤቶች ዋጋ ከ2002 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በጉልህ መጨመሩን አሳየ። በዚያ ጊዜ አንድ ሜትር የእግር መንገድ አልተነጠፈም። የነበረው ስብሰባ፣ ካርታና የጋዜጣ ወሬ ነው። መሬት የሚገዛ ሰው ካርታ ማንበብ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣ። በደቡብና በምዕራብ ሰፈሮች በርካታ ቤቶች በዕዳ ምክንያት ተወስደው እጅግ በወረደ ዋጋ ተሸጡ፤ ብዙዎቹ በባለሀብቶች እጅ ገቡ። ለአቅመ ደካሞች የሚሆን መሬት በብዛት ለመያዝ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልመጣም። ግን የግብሩ ጭማሪ ዋጋ ሲወድቅ አብሮ ስለሚወድቅ፣ ፕሮጀክቱ ያኔ የነበረው አቅም ደካማ ነበር። በዚያ ላይ በዚያው ዓመት የካቲት የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤት ግብር ለእንዲህ ያለ ልማት መዋል አይችልም ብሎ ፈረደ። ነገሩን ለማስተካከል በኅዳር የጆርጂያን ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ማሻሻል አስፈለገ። መሬት ሲረክስ ገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘብ ሲመጣ መሬቱ ተወዷል። በእኔ እይታ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

ኩሬው

ኦልድ ፎርዝ ዋርድ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትውልድ ሰፈር ነው። የሰፈሩ ዝቅተኛ ክፍል ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጥለቀለቅ ነበር። ከመሬት በታች የተቀበረው ፍሳሽ መስመር የዝናቡንም የሽንት ቤቱንም ውሃ በአንድ ቱቦ ስለሚወስድ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል መሸከም ያቅተዋል። ከተማው ይህን እንዲያስተካክል የፌዴራል ፍርድ ቤት አስገድዶት ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ትልቅ የመሬት ውስጥ ዋሻ ነው። ነዋሪዎች ግን ውሃው ላይ ላዩን በኩሬ ቢያዝስ ብለው ተከራከሩ፤ ክርክራቸውም ተሰማ።

በ2011 የተከፈተው መናፈሻ 7 ሄክታር ገደማ ሲሆን መሀሉ ላይ ከአንድ ሄክታር ትንሽ የሚያንስ ኩሬ አለ። በደረቅ ቀን ሲያዩት ውሃው ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን የድንጋይ ግድግዳ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ግድግዳው ለምን ያን ያህል ከፍ እንዳለ ለአላፊው ላይገባው ይችላል። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ከአካባቢው ጎዳናዎች የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ገብቶ በግድግዳው ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ቀስ ብሎ ወደ ቱቦው ይለቀቃል። ከዋሻው ጋር ሲነጻጸር ከተማው 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳዳነ ተገምቷል። እንደ አረንጓዴ መሠረተ ልማት ይህ ሥራ ተሳክቷል፤ የተሠራለትንም ሥራ በሚገባ ሠርቷል።

ከኩሬው አጠገብ የሚያልፈው የቤልትላይን የምሥራቁ የእግር መንገድ በ2012 ተከፈተ። አጠገቡ የነበረው ሲርስ የተባለው የችርቻሮ ድርጅት የቀድሞ መጋዘን ታድሶ በ2014 ገበያና ምግብ ቤት ሆነ። ኩሬውን የከበቡት ባዶ መሬቶች በአፓርታማ ሞሉ። ከ2011 እስከ 2015 ከቤልትላይን 800 ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ቤቶች ዋጋ፣ እንደ መስመሩ ክፍል፣ ከሌላው የከተማው አካባቢ በ17.9 እስከ 26.6 የመቶኛ ነጥብ በልጦ እንደጨመረ በ2017 የወጣ ጥናት አረጋግጧል።

ሰው እንዴት ይወጣል

ቤቱን ማንም መጥቶ አያፈርስበትም። ቡልዶዘር የለም፤ ፖሊስ የለም። ስለዚህ መፈናቀሉ በዓይን አይታይም፤ የሚመጣው በፖስታ ነው።

የቤት ብድሩን ከፍሎ የጨረሰ ጡረተኛ እንውሰድ። በየዓመቱ ከካውንቲው የግብር ግምት ማስታወቂያ ይደርሰዋል። ወረቀቱ ላይ «ይህ የግብር ሂሳብ አይደለም፤ ክፍያ አይላኩ» ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ ያስቀምጠዋል። ግን ዋናው ነገር እዚያው ነው፦ የቤቱ የገበያ ዋጋ አምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ነው ተባለ የሚለው። ግብሩ የሚሰላው ከዚያ ዋጋ 40 በመቶው ላይ ነው። ይግባኝ ማለት የሚቻለው በ45 ቀን ውስጥ ነው። ሂሳቡ ራሱ ሲመጣ ቀኑ አልፏል። በ2017 በፉልተን ካውንቲ ብዙ ባለቤቶች ከ50 በመቶ በላይ የጨመረ ግምት ደረሳቸው። ሕዝቡ ስለተቆጣ ካውንቲው የዚያን ዓመት ግምት ሰርዞ ወደ 2016ቱ መለሰው። እፎይታው ግን ለአንድ ዓመት ነበር። በዚያው ሰሞን በየምሰሶው ላይ «ቤትዎን በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ስልኩም ይደወላል። ግብሩ ያስጨነቀው ሽማግሌ ገበያውን ሳያጠና ይሸጣል።

ተከራዩ ከዚህም የባሰ ነው። በጆርጂያ ሕግ ከተሞች የኪራይ ጣሪያ መወሰን አይችሉም። የጽሑፍ ውሉ ያበቃና ወር በወር የሚከፍል ተከራይ በ60 ቀን ማስታወቂያ ይወጣል። ሲወጣም በየትኛውም መዝገብ ላይ ተፈናቀለ ተብሎ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ውሉ አበቃ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በ2016 መስከረም የሐሳቡ አመንጪ ራሱ ከአንድ ባልደረባው ጋር ከፕሮጀክቱ አጋር ድርጅት ቦርድ ለቀቀ። ምክንያታቸውን በደብዳቤ ገለጹ፦ ለፍትሐዊነትና ለአቅመ ደካሞች ቤት የተሰጠው ትኩረት አይበቃም የሚል ነበር። በዓመቱ የከተማው ዋና ጋዜጣ ያደረገው ምርመራ በ12 ዓመት ውስጥ ቤልትላይን በገንዘቡ የደገፋቸው ቤቶች ከ1,000 በታች መሆናቸውን አወጣ። ፕሮጀክቱን የሚያስፈጽመው ድርጅት አመራር ተቀየረ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው የምዕራቡ መንገድ፣ የጥቁሮቹን ሰፈሮች የሚያቋርጠው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ2017 መስከረም ሊመረቅ ወራት ሲቀሩት ነው።

ከዚያ በኋላ እርምጃዎቹ ተከታተሉ። ከ2018 ጀምሮ በቤልትላይን ዙሪያ አሥርና ከዚያ በላይ የሚከራዩ ቤቶች የሚሠራ አልሚ 10 በመቶውን ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ ለሚያገኙ፣ ወይም 15 በመቶውን 80 በመቶ ለሚያገኙ እንዲመድብ ተገደደ። በምዕራብ ሰፈሮች የነባር ባለቤቶችን የግብር ጭማሪ የሚከፍል የበጎ አድራጎት ፈንድ በ2017 ተቋቋመ። የቤልትላይን አጋር ድርጅትም ተመሳሳዩን፣ እስከ 2030 ድረስ ጭማሪውን የሚሸፍን ፕሮግራም፣ ለደቡብና ለምዕራብ ሰፈሮች ጀመረ። በ2020 የካቲት ከንቲባዋ ወደፊት ትልቅ መናፈሻ በሚሆነው የቀድሞ የድንጋይ ካባ ዙሪያ ለስድስት ወር አዲስ የግንባታ ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዙ። በ2021 በመስመሩ ዙሪያ ባሉ የንግድ ሕንፃዎችና አፓርታማዎች ላይ ተጨማሪ ግብር ተጣለ፤ መንገዱ በዚያ እንዲጠናቀቅና ሌላው ገንዘብ ለቤት እንዲተርፍ ነው። በ2009 የተመሠረተው የመሬት አደራ ተቋምም በኋለኞቹ ዓመታት ተጠናከረ፦ ቤቱን ሰው ይገዛል፣ መሬቱ ግን በተቋሙ ስም ይቆያል፤ ቤቱ ሲሸጥም ለሚቀጥለው ገዢ በተመጣጣኝ ዋጋ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የግብር ጭማሪውን መክፈል ላገኘው ሰው ሠርቷል። ቤቱ ውስጥ ይቆያል፤ ቀላልና ቀጥተኛ ነው። የተሰናከለው ወረቀት ላይ ነው። በብዙ የጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ቤት ያለ ኑዛዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ባለቤትነቱ አሁንም በሟች ስም ነው። ሰውየው ተወልዶ ያደገበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ግብሩን በየዓመቱ እየከፈለ፣ ለእርዳታው ሲያመለክት የባለቤትነት ማስረጃ አምጣ ይባላል። አክስቶችና የአጎት ልጆች ሁሉ ፈርመው ስም እስኪዛወር ጠበቃና ጊዜ ይጠይቃል። ይህን ሥራ በነፃ የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ከግብር ድጎማው ቀድሞ መሰማራት ነበረበት።

አልሚዎችን ያስገደደው ሕግ ቤት አስገኝቷል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ለነባሮቹ ሰፈርተኞች የሚሆን አልነበረም። «የአካባቢው መካከለኛ ገቢ» የሚባለው የሰፈሩ ሳይሆን ሀብታም ዳርቻዎችን ጨምሮ የመላው ሜትሮ አትላንታ ነው። የዚያ 80 በመቶ ከምዕራብ ሰፈሮች ነዋሪ ገቢ በብዙ ይበልጣል። በሕጉ መሠረት «አቅምን ያገናዘበ» የሆነው ቤት ለወጣት መምህር ወይም ነርስ ጠቅሟል፤ ይህም መልካም ነው። ለጽዳት ሠራተኛዋ ግን በር አልከፈተም። ደግሞም ሕጉ ከ2018 በፊት ፈቃድ የወሰዱትን አይነካም፤ በኩሬው ዙሪያ ያለው ግንባታ ቀድሞ ሄዷል።

የስድስት ወሩ እገዳ ትንፋሽ ሰጠ እንጂ ገበያውን አላቆመም። በድንጋይ ካባው ቦታ የተሠራው፣ 113 ሄክታር ገደማ የሆነው መናፈሻ በ2021 ነሐሴ ተከፈተ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ማይክሮሶፍት አጠገቡ ባለው ግሮቭ ፓርክ በተባለው ሰፈር 36 ሄክታር ገደማ መሬት ይዞ ግዙፍ ካምፓስ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ2023 ደግሞ ዕቅዱን አቆመ። ካምፓሱ ሳይሠራ ወሬው ብቻ በሰፈሩ ቤት ፈላጊና ደላላ አበዛ። በ2002 በመስመሩ ዙሪያ የታየው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ታየ።

የቤቶቹ ቁጥር ከ2017 በኋላ ፈጠን ብሎ በ2024 ከ5,600ው ግማሽ አልፏል። ዘግይቶም ቢሆን ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊናቅ አይገባም።

ለሌላ ከተማ የሚሆነው

የመጀመሪያው ትምህርት የቅደም ተከተል ነው። መሬቱ መያዝ ያለበት ካርታው ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ እርምጃ ሁሉ ውድ ነው። ይህ ሊሠራ የማይችል ሕልም እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ብዙ የአማርኛ አንባቢዎች በሚኖሩባት ዋሽንግተን፣ በአናኮስቲያ ወንዝ ላይ በአሮጌ ድልድይ ምሰሶዎች ላይ መናፈሻ ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች የነዋሪዎችን ቤት የሚመለከተውን ዕቅድ ያወጡት በ2015 ነው፤ ግንባታ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት። የቤት ገዢዎች ክበብና የመሬት አደራ ተቋም ቀድመው ሥራ ጀመሩ። መፈናቀልን ሙሉ በሙሉ ያስቀራሉ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ነዋሪው የሚይዘው ነገር ኖሮት ጠበቀ።

ሁለተኛ፣ የቤቱ ገንዘብ ከመሬት ዋጋ ጭማሪ ብቻ መምጣት የለበትም። እንዲህ ከሆነ ቤቱ ሁልጊዜ ከንረቱ በኋላ ይደርሳል። የመጀመሪያው ገንዘብ ከሌላ ቦታ፣ ከመደበኛ በጀትም ቢሆን፣ መገኘት አለበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ በቀጥታ አይገለበጥም። በአዲስ አበባ መሬት የመንግሥት ነው። በ2019 በተጀመረው የወንዞች ማስዋብም ሆነ በ2024 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ነዋሪ የሚነሳው በገበያ ግፊት ሳይሆን በውሳኔ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውሯል። ይህ ልዩነት አንድ ዕድል ይሰጣል፦ መሬቱ በእጅ ስላለ የአትላንታ ትልቁ ራስ ምታት፣ መሬት ቀድሞ መግዛት፣ እዚህ የለም። ከመናፈሻው አጠገብ ለነባሩ ነዋሪ የሚሆን ቤት ቀድሞ መሥራት የሚቻለው በአዲስ አበባ ነው። አደጋው ደግሞ ይኸው ነው፤ ውሳኔ ከገበያ ይፈጥናል። አትላንታ ውስጥ ሃያ ዓመት የፈጀው እዚህ በሳምንታት ያልቃል፤ ለመነሳት የሚሰጠው ጊዜ አትላንታ ውስጥ በግምት ደብዳቤ ላይ ይግባኝ ከሚባልበት 45 ቀን እንኳ ሲያጥር ታይቷል። በሁለቱም ቦታ የሚጠፋው ነገር ግን ይመሳሰላል። አትላንታ ውስጥ ወደ ዳርቻ የሄዱ ሰዎች እሑድ እሑድ መኪና ነድተው ወደ ድሮው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። እኛ ዘንድ ይህ እድር ነው። ምትክ ቤት ሲሰጥ እድርተኛው አብሮ፣ በአንድ ብሎክ እንዲሰፍር ማድረግ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፤ ዕጣው በቤተሰብ ፋንታ በሰፈር ቢወጣ ይበቃል።

የመጨረሻው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች ተመልከቱ፦ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ተሠሩ ቤቶች ብዛት፣ በመቶኛ ስለ ሕዝብ ድርሻ ይናገራሉ። ከኦልድ ፎርዝ ዋርድ የወጣ አንድ ቤተሰብ የት እንደ ደረሰ፣ ልጆቹ በስንተኛው ትምህርት ቤት እንደሆኑ፣ ኪራዩ ከገቢው ምን ያህሉን እንደሚወስድ አይናገሩም። አረንጓዴ ሥራ የሚጀምር ከተማ ዛፉን ከመትከሉ በፊት በክልሉ የሚኖረውን እያንዳንዱን ቤተሰብ፣ ባለቤትም ተከራይም ደባልም፣ በስምና በስልክ መዝግቦ፣ በየዓመቱ እየደወለ ለአሥር ዓመት ሊከታተል ይገባል። የኩሬውን የውሃ ከፍታ የሚለካ ባለሙያ የሚቀጥር ከተማ ይህን የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ለመቅጠር አቅም አያጣም።